ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲነጋገሩ፦ የእርሾ ሴል በየት በኩል እንደሚያድግ የሚወስኑትን ፕሮቲኖች ደረጃ በደረጃ መመርመር

አንዲት የእርሾ ሴል ስፋቷ አምስት ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ምግቡ ከበቃትና ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነላት በየ90 ደቂቃው ገደማ ከጎኗ እምቡጥ ታወጣለች። እምቡጡ ያድግና ልጅ ሴል ሆኖ ይለያል። የሚገርመው ሁሌም በአንድ ጊዜ አንድ እምቡጥ ብቻ ማውጣቷ ነው። ቦታውንም ዝም ብላ አትመርጥም።

ይህን የሚወስኑት ጂቲፒኤዝ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ብቻቸውን አይሠሩም፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ ያበራል፣ ያጠፋል። መመሪያው የተጻፈው እርሾ ማሳደግ ለሚችል፣ ግን ጂቲፒኤዝ ላይ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ሁለት ጂቲፒኤዞች እንደሚነጋገሩና ንግግራቸው የሴሉን እድገት እንደሚመራ በሙከራ እንዴት እንደሚታይ ላሳያችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጀማሪ «እነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች ይያያዛሉ ወይ?» ብሎ ይነሳል። ጥያቄው ግማሽ ነው። ለጂቲፒኤዝ ሙሉው ጥያቄ «የትኛው በርቶ፣ የትኛው ጠፍቶ ሳለ ነው የሚያያዙት?» የሚለው ነው። ከታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን እንወቀው

ጂቲፒ እና ጂዲፒ በሴሉ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች (ኑክሊዮታይዶች) ናቸው። ጂቲፒኤዝ ጂቲፒ ሲይዝ በርቷል እንላለን። ጂዲፒ ሲይዝ ጠፍቷል። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ፎስፌት ናት። እሷ ስትኖር የፕሮቲኑ የተወሰነ ክፍል ቅርጹን ይቀይርና ሥራ የሚያሠራቸውን ፕሮቲኖች መያዝ ይችላል።

ጂቲፒኤዝ ጂቲፒውን በራሱ ቆርጦ ወደ ጂዲፒ መለወጥ ይችላል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። የያዘውን ጂዲፒም በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ረዳት ያስፈልገዋል። አንዱ ረዳት ጂዲፒውን ያስለቅቀዋል፤ በሴሉ ውስጥ ጂቲፒ ስለሚበዛ ባዶ ቦታው በጂቲፒ ይሞላል። ይህን ረዳት «አብሪ» እለዋለሁ። ሌላው ረዳት ጂቲፒው ቶሎ እንዲቆረጥ ያደርጋል። እሱን ደግሞ «አጥፊ» እለዋለሁ። በላብራቶሪ ውስጥ ጌፍ እና ጋፕ ሲባሉ ከሰማችሁ እነዚሁ ናቸው።

ለምሳሌ የምንወስደው ጥንድ ይህ ነው።

አርኤስአር-1 ከራስ ቤተሰብ ነው። (ይህ «ራስ» ከእኛ ራስ ጋር ዝምድና የለውም። በአይጥ ላይ ሳርኮማ የሚባል ዕጢ ከሚያመጡ ቫይረሶች ጋር ተያይዞ የወጣ ምህጻረ ቃል ነው።) አብሪው ቢዩዲ-5፣ አጥፊው ቢዩዲ-2 ነው። ሥራው ቦታ መጠቆም ነው፦ «እምቡጡ እዚህ ይውጣ» ይላል።

ሲዲሲ-42 ከሮ ቤተሰብ ነው። 191 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከሰው ሲዲሲ-42 ጋር 80 በመቶ ገደማ ይመሳሰላል፤ የሰዉን ወስዳችሁ ጉድለት ያለባት እርሾ ውስጥ ብታስገቡት ሥራውን ይሠራል። ዋና አብሪው ሲዲሲ-24 ነው። አጥፊዎቹ ብዙ ናቸው፦ ቤም-2፣ ቤም-3፣ አርጂኤ-1 እና አርጂኤ-2። ሲዲሲ-42 ከሌለ እምቡጥ የለም።

ሦስተኛ ሰው አለ፣ ቤም-1። ጂቲፒኤዝ አይደለም፤ ሌሎቹን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ መድረክ ነው። ሲዲሲ-24ን ይይዛል፣ የበራ ሲዲሲ-42ንም ይይዛል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሲዲሲ-42 ከበራ ቤም-1 አብሪውን ይዞለት ይመጣና ጎረቤቶቹንም ያስበራል። የበራው ይበልጥ ይበራል። ሴሏ አንድ እምቡጥ ብቻ የምታወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ቀድሞ የበረታው ቦታ የሌሎቹን ድርሻ ይሻማል።

ደረጃ 1፦ የምትመረምሩትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። አትዝለሉት። የእኛ ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «አርኤስአር-1 በርቶ ሳለ ሲዲሲ-24ን ወደ ተመረጠው ቦታ ይጠራል፤ ሲዲሲ-24 ደግሞ እዚያው ሲዲሲ-42ን ያበራል።»

ከዚህ ሦስት ትንቢቶች ይወጣሉ። አርኤስአር-1 ከጠፋ እድገት አይቆምም፣ ቦታው ግን ይዛባል። ሲዲሲ-42 ከጠፋ እድገቱ አቅጣጫ ያጣል። አርኤስአር-1 ሳያቋርጥ ቢበራም ነገሩ መበላሸት አለበት፣ ምክንያቱም በየቦታው የሚጮህ ጠቋሚ ማንንም አይመራም። ሦስተኛውን ያዙልኝ፤ ደረጃ 4 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ዝርያውን ምረጡ፣ ዘሩንም መርምሩ

የምንሠራው በሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ነው። ጂኖሙ በ1996 ሙሉ በሙሉ ተነቧል፤ 12 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ጥንዶችና 6,000 ገደማ ጂኖች አሉት። አንድ ጂን ማጥፋት ወይም መቀየር በጣም ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ሃፕሎይድ (አንድ የክሮሞሶም ስብስብ ያላቸው) እና ዲፕሎይድ (ሁለት ስብስብ ያላቸው) ሴሎች ቦታ የሚመርጡበት ሕግ የተለያየ መሆኑ ነው። ሃፕሎይድ ሴል አዲሱን እምቡጥ ካለፈው ጎን ለጎን ታወጣለች። ዲፕሎይድ ሴል በሁለቱ ጫፎቿ በኩል ታወጣለች። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ከቆጠራችሁ ውጤቱ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው ወጥመድ የዝርያው የራሱ ጉድለት ነው። ደብሊው-303 የሚባለው በጣም የታወቀ የላብራቶሪ ዝርያ የቢዩዲ-4 ጂኑ የተበላሸ ነው። ቢዩዲ-4 ሃፕሎይድ ሴሎች ጎን ለጎን እንዲያቆጠቁጡ ከሚያደርጉት አንዱ ነው። ይህን ሳታውቁ በዚህ ዝርያ ላይ አርኤስአር-1ን ብታጠፉ ማነጻጸሪያችሁ ራሱ የተዛባ ይሆናል። ዝርያውን ስትቀበሉ «በዚህ ላይ የማቆጠቆጥ ሥርዓቱ ደህና ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ደረጃ 3ን በንጹሑ (ጂን ባልተነካበት) ዝርያ ላይ ብቻ ሠርታችሁ እዩት።

አርኤስአር-1 ለሕይወት ግዴታ ስላልሆነ ጂኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ትችላላችሁ። ሲዲሲ-42 ግን ግዴታ ነው፤ ካወጣችሁት ሴሏ ትሞታለች። ለእሱ ሙቀት የሚያሰናክለው ሚውታንት (ጂኑ የተቀየረ ዝርያ) ያስፈልጋል። ሲዲሲ-42-1 የሚባለው በ25 ዲግሪ ይኖራል፣ በ37 ዲግሪ ሥራ ያቆማል።

ደረጃ 3፦ ጠባሳ ቁጠሩ

ይህን ደረጃ እወደዋለሁ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አይዋሽም።

ልጅ ሴል በተለየች ቁጥር እናቲቱ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ካይቲን በሚባል ስኳር የተሞላ ነው። ካልኮፍሎር ዋይት የሚባለው ማቅለሚያ ካይቲን ላይ ይጣበቅና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሰማያዊ ያበራል። ሴሏ ታሪኳን ቆዳዋ ላይ ጽፋ ትሄዳለች ማለት ነው።

እንዲህ ሥሩት። ሴሎቹን ማታ በትንሹ ዝሩና ጠዋት ገና በፍጥነት በመባዛት ላይ ሳሉ ያዟቸው። በስፔክትሮፎቶሜትር 600 ናኖሜትር ላይ ከ0.3 እስከ 0.6 ባለው ንባብ መካከል ጥሩ ነው። አንድ ሚሊሊትር ወስዳችሁ በሴንትሪፉጅ አስቀምጡ፣ በውኃ እጠቡ፣ በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ገደማ ማቅለሚያ ባለበት ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆዩ። ሁለቴ እጠቡና ማይክሮስኮፕ ላይ እዩ።

አሁን መቁጠር ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ጠባሳ ያላቸውን ሴሎች ብቻ ቁጠሩ። አንድ ጠባሳ ያላት ሴል ስለ ሥርዓት ምንም አትነግራችሁም። ግን ልብ በሉ፦ በሚባዛ ማኅበር ውስጥ ግማሽ ያህሉ ገና አንድም ጊዜ ያልወለዱ ናቸው፣ ሩብ ያህሉ አንድ ጊዜ፣ ከስምንት አንዱ ያህል ሁለት ጊዜ ወልደዋል። ለናንተ የሚቀረው ከስምንት አንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ሴል ለመቁጠር 1,600 ያህል ማየት አለባችሁ። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ ልል ነበር፤ ማይክሮስኮፕ አጠገብ ግን አይሆንም።

እያንዳንዷን ከሦስት በአንዱ መድቡ። ጠባሳዎቹ በአንድ በኩል ተሰልፈው እንደ ሰንሰለት ከታዩ ጎን ለጎን። በሁለቱ ጫፎች ከተከማቹ ባለ ሁለት ጫፍ። ተበታትነው ከሆነ የተዘበራረቀ። ናሙናው የማን እንደሆነ ሌላ ሰው በኮድ ይሸፍንላችሁ። ዓይን የሚፈልገውን ያያል።

አርኤስአር-1 የሌላቸው ሴሎች ጠባሳቸው ተበታትኖ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ሴሎች ግን ጤነኞች ናቸው። የሚባዙበት ፍጥነት ከንጹሑ ዝርያ ጋር ተቀራራቢ ነው። የእድገት ኩርባ ብቻ ብትሠሩ «ይህ ጂን ምንም አያደርግም» ብላችሁ ትዘጉት ነበር። ቁጥራቸው ልክ ነው፣ አቅጣጫቸው ግን የለም። ደግሞም እያንዳንዷ አሁንም አንድ እምቡጥ ብቻ ነው የምታወጣው፤ ጠቋሚ ባይኖርም የቤም-1 መድረክ አንድ ቦታ በዕድል አጠናክሮ ይመርጣል። ቤም-1ንም ከአርኤስአር-1 ጋር አብራችሁ ካጠፋችሁ ግን ሴሏ አትተርፍም። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሸፍን ነበር ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ማብሪያውን ቆልፉ

አሁን ወደ ሦስተኛው ትንቢት። አርኤስአር-1ን በሁለት መንገድ ቆልፉት።

በቁጥር 12 ላይ ያለውን ግላይሲን ወደ ቫሊን ከቀየራችሁ ፕሮቲኑ ጂቲፒውን መቁረጥ ያቅተዋል። እንደበራ ይቀራል። በቁጥር 16 ላይ ያለውን ላይሲን ወደ አስፓራጂን ከቀየራችሁ ደግሞ መብራት ያቅተዋል። ሁለቱንም አርኤስአር-1 በሌላት ሴል ውስጥ፣ በራሱ ፕሮሞተር (ጂኑን በሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል) ሥር አስገቡና ጠባሳ ቁጠሩ።

ውጤቱ ሁለቱም ላይ የተዘበራረቀ ነው። የጠፋውም የበራውም ልክ ጂኑ እንደሌለ ይሆናሉ። አብሪውን ቢዩዲ-5ን ወይም አጥፊውን ቢዩዲ-2ን ብታጠፉም ያው ነው።

መጀመሪያ ስታዩት ግራ ያጋባል። «ቢበራ ሥራ በበዛ ነበር» ብለን እናስባለን። ግን አርኤስአር-1 ሥራውን የሚሠራው በመብራትና በመጥፋት መካከል እየተመላለሰ ነው። ሲበራ ሲዲሲ-24ን ይይዛል። ሲጠፋ ቤም-1ን መያዝ ይመርጣል። አንዱን ጭነት አራግፎ ሌላውን ለመጫን መመላለስ አለበት። አንድ ቦታ ላይ የተቆለፈ በር ክፍትም ሆነ ዝግ ሰው አያስተናግድም።

ለሲዲሲ-42 ይህንኑ ስታደርጉ ተጠንቀቁ። ግላይሲን 12 ወደ ቫሊን የተቀየረበት ሲዲሲ-42 ሴሏን ይገድላል። ስለዚህ ጋል-1 ከሚባለው ፕሮሞተር ሥር አስቀምጡት። ግሉኮስ ላይ ዝም ይላል፣ ጋላክቶስ ስትጨምሩ ይነሳል። ሴሎቹን መጀመሪያ ራፊኖስ ላይ አሳድጉ፤ ራፊኖስ አያፍንም፣ አያስነሳምም። ጋላክቶስ ከጨመራችሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቅርጻቸው የተበላሸ፣ ትልልቅ፣ ብዙ እምቡጥ ያወጡ ሴሎች ታያላችሁ። በ37 ዲግሪ የተሰናከለው ሲዲሲ-42-1 ግን ተቃራኒውን ያሳያል፦ ትልቅ፣ ክብ፣ እምቡጥ የሌላት ሴል። ዲኤንኤን በሚያቀልመው ዳፒ ብታቀልሟት ውስጧ ከአንድ በላይ ኒውክለስ ታገኛላችሁ። መጠኗ ይጨምራል፣ ኒውክለሷ ይከፋፈላል፣ የት እንደምታድግ ግን አታውቅም።

ደረጃ 5፦ ጂኖቹን አጋጥሟቸው

እስካሁን እያንዳንዱን ለየብቻ ነው ያየነው። መነጋገራቸውን በጂን ደረጃ ለማየት አንዱን አድክመን ሌላውን እንጨምራለን ወይም እንቀንሳለን።

የዚህ ዘዴ ምርጥ ምሳሌ የ1989 ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በሙቀት የሚሰናከል ሲዲሲ-24 ያላት ሴል ወሰዱ። ከዚያ የእርሾን ጂኖች በብዙ ቅጂ በሚኖሩ ፕላስሚዶች (ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች) አስገቡባትና በሙቀት የሚያድናት የትኛው እንደሆነ ፈለጉ። ካዳኗት መካከል ሁለቱ ሲዲሲ-42 እና ያኔ አዲስ የነበረው አርኤስአር-1 ናቸው። አብሪው ሲደክም የሚበራው ሲበዛ ማዳኑ ይጠበቃል። አርኤስአር-1 ማዳኑ ግን ሁለቱ ጂቲፒኤዞች በአንድ መንገድ ላይ እንዳሉ የመጀመሪያው ፍንጭ ሆነ።

እናንተ ስትሠሩት ይህን ተከተሉ። ሴሎቹን ወደ አንድ ዓይነት ንባብ አምጡ። አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠናችሁ አምስት ደረጃ አዘጋጁ። ከየደረጃው አራት ማይክሮሊትር ያህል በተርታ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉ። ተመሳሳይ ሳህኖችን በ25፣ በ30፣ በ33፣ በ35 እና በ37 ዲግሪ ለሁለት ለሦስት ቀን አስቀምጡ። ባዶ ፕላስሚድ የያዘች ሴል በእያንዳንዱ ሳህን ላይ መኖር አለባት፤ እሷ ከሌለች ሳህኑን ጣሉት።

መካከለኛውን ሙቀት አትናቁ። በ37 ዲግሪ ሁሉም ይሞታል፣ በ25 ሁሉም ይኖራል። ወሬው ያለው 33 እና 35 አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ እገዛ ያድናል፣ ትንሽ ጉዳት ይገድላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። የጂን መስተጋብር ሁለቱ ፕሮቲኖች ተነካኩ ማለት አይደለም። በመካከላቸው አምስት ሰው ሊኖር ይችላል። ለመነካካቱ ቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ በዶቃ ላይ ያዟቸው

የሙከራው ሐሳብ ቀላል ነው። አንዱን ፕሮቲን ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ እናስራለን፣ ሌላውን እናፈስበታለን፣ እናጥባለን፣ ምን እንደቀረ በጄልና በፀረ እንግዳ አካል እናያለን። አስቸጋሪው ማብሪያውን በፈለግነው አቋም ላይ ማቆየት ነው።

አርኤስአር-1ን ግሉታቲዮን ከሚይዘው ጂኤስቲ ከሚባል ፕሮቲን ጋር አያይዛችሁ በባክቴሪያ ውስጥ አምርቱትና ግሉታቲዮን ባለበት ዶቃ ላይ ያዙት። ከባክቴሪያ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ጂዲፒ ይዞ ነው የሚመጣው። አሁን በሦስት ቱቦ ክፈሉት።

ጂቲፒኤዝ ኑክሊዮታይዱን አጥብቆ የሚይዘው በማግኒዚየም እርዳታ ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ስትጨምሩ ማግኒዚየሙ ይወሰድና ፕሮቲኑ እጁን ያላላል። በመጀመሪያው ቱቦ ብዙ ጂዲፒ ጨምሩ። በሁለተኛው ጂቲፒ ጋማ ኤስ ጨምሩ፤ ይህ በጣም በዝግታ ብቻ የሚቆረጥ የጂቲፒ ዘመድ ነው። ተራ ጂቲፒ አትጠቀሙ፤ የእርሾ ጭማቂ ስታፈሱበት ውስጡ ያሉት አጥፊዎች ይቆርጡትና ሳታውቁት የጠፋ ፕሮቲን ትይዛላችሁ። ሦስተኛውን ቱቦ ያለ ኑክሊዮታይድ ተዉት። 30 ደቂቃ ገደማ ከቆየ በኋላ በሁለቱ ቱቦዎች ከኢዲቲኤው የሚበልጥ ማግኒዚየም ክሎራይድ ጨምራችሁ ቆልፉት። ሦስተኛው ላይ አትጨምሩ። ከዚህ በኋላ ለሁለቱ ቱቦዎች በምታጥቡበት ፈሳሽ ሁሉ 5 ሚሊ ሞላር ማግኒዚየም ይኑር። ይህን ረስቼ አንድ ሙሉ ሳምንት ሥራ አበላሽቻለሁ። ሦስቱም ቱቦ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡኝ «እነዚህ ፕሮቲኖች አይመርጡም» ብዬ ደስ ብሎኝ ጽፌ ነበር። የማይመርጠው እኔ ያጠብኩበት ፈሳሽ ነበር።

አሁን ሲዲሲ-24 አፍሱ። በበራው አርኤስአር-1 ላይ በደንብ መያዝ አለበት። ቤም-1ን በሌላ ተርታ አፍሱ። እሱ የጠፋውን ይመርጣል።

ሦስተኛው ቱቦ ለምን አስፈለገ? አብሪ ፕሮቲን አጥብቆ የሚይዘው ኑክሊዮታይድ ያጣውን ጂቲፒኤዝ ነው፤ ሥራው ማስለቀቅ ነውና። ስለዚህ ይህንኑ ሙከራ በሲዲሲ-42 ብትሠሩ ሲዲሲ-24 ባዶውን ሲመርጥ ታያላችሁ። በአርኤስአር-1 ላይ ግን የበራውን ይመርጣል። ሲዲሲ-24 ለሲዲሲ-42 አብሪ ነው፣ ለአርኤስአር-1 ግን ታዛዥ ነው። አንድ ፕሮቲን፣ ሁለት ጂቲፒኤዝ፣ ሁለት ዓይነት ዝምድና። መያያዛቸውን ብቻ ብትጠይቁ ይህ አይታይም።

የመጨረሻው ፈሳሽ ሲዲሲ-42 ራሱ ነው። በ2003 የወጣ ሥራ አርኤስአር-1 እና ሲዲሲ-42 በቀጥታ እንደሚነካኩ፣ ሲዲሲ-24 ሲኖር ደግሞ መነካካቱ እንደሚጠነክር አሳይቷል። ሁለት ቤተሰቦች ያለ አማላጅም ይገናኛሉ፣ አማላጁ ሲመጣ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ሙከራውን ያለ ሲዲሲ-24ና ከሲዲሲ-24 ጋር ጎን ለጎን ሥሩት።

ለማስታወስ ያህል፣ ባክቴሪያ የሠራው ጂቲፒኤዝ ጭራው ላይ የቅባት መልህቅ የለውም። እርሾ ውስጥ ይህ መልህቅ ነው ፕሮቲኑን ሽፋኑ ላይ የሚያስረው። ስለዚህ የዶቃው ውጤት ብቻውን አይበቃም። ከእርሾ በወጣ ጭማቂ ውስጥም አንዱን በፀረ እንግዳ አካል ስባችሁ ሌላው ተከትሎ መምጣቱን እዩ።

ደረጃ 7፦ የትና መቼ

አሁን ፕሮቲኖቹን በሕይወት እያሉ እንያቸው። አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን ማያያዝ ነው፤ ግን ከፊት በኩል ይሁን። ቅድም የጠቀስኩት የቅባት መልህቅ ያለው ጭራው ላይ ስለሆነ ከኋላ ካያያዛችሁ መልህቁ ይጠፋል፣ ፕሮቲኑ ሴሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። ለአብዛኛው የእርሾ ፕሮቲን ከኋላ ማያያዝ ስለሚቀል ሰው በልማድ ይሳሳታል።

የሲዲሲ-42 መገኛ ግን መብራቱን አይነግራችሁም። የጠፋውም ሽፋን ላይ ይገኛል። የበራውን ብቻ ለማየት የበራ ሲዲሲ-42ን ብቻ የሚይዝ ቁራጭ ተጠቀሙ። ጂክ-2 ከሚባል ፕሮቲን የተወሰደው ቁራጭ፣ ቀይ ከሚያበራ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ፣ ለዚህ የተለመደ መሣሪያ ነው። በጣም እንዳታበዙት ብቻ። ከበዛ የበራውን ሲዲሲ-42 ከእውነተኛ ባለቤቶቹ ይቀማል፣ ሴሎቹም ይታመማሉ።

በየሁለት ወይም ሦስት ደቂቃው ፎቶ አንሱ። ብርሃኑን ቀንሱ፤ ብዙ ብርሃን ማቅለሚያውንም ሴሏንም ይጎዳል። ሃፕሎይድ ሴል ከተከፈለች በኋላ ሲዲሲ-42 በሁለት ማዕበል ይበራል። በመጀመሪያው አብሪው ቢዩዲ-3 ነው፣ ከዚያ በኋላ ተራው የሲዲሲ-24 ነው። እምቡጥ የሚወጣው ከሁለተኛው በኋላ ነው። እናቲቱ ትቀድማለች፣ ልጂቱ ትንሽ ስለሆነች ትዘገያለች፤ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ተንትኑ።

አርኤስአር-1 በሌላት ሴል ውስጥ የሚበራው ቦታ የት እንደሚሆን ተከታተሉ። ካለፈው መከፈያ ጎን ሳይሆን እዚህም እዚያም ይሆናል። አርጂኤ-1ን ብታጠፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ታያላችሁ፦ አዲሱ እምቡጥ ልክ በድሮው መከፈያ ላይ ይወጣል። አርጂኤ-1 ያቺን ቦታ «ተጠቅመንበታል» ብሎ ሲዲሲ-42ን የሚያጠፋባት ዘበኛ ነው። ቦታ መምረጥ እዚህ አብሩ ማለት ብቻ አይደለም፤ እዚያ አጥፉ ማለትም ነው።

ደረጃ 8፦ እድገቱ ራሱ መድረሱን አረጋግጡ

ምልክቱ ከደረሰ ሽፋኑና ግድግዳው መስፋት አለባቸው። እዚህ ሌሎች ጂቲፒኤዞች ይገባሉ። በአጭሩ ላሳልፈው፣ እያንዳንዱ የራሱ መመሪያ ስለሚያስፈልገው።

የበራ ሲዲሲ-42 ቢኤንአይ-1 የሚባለውን ፕሮቲን ያስነሳል። እሱ የአክቲን ገመዶችን ይዘረጋል። ገመዶቹን በሮዳሚን ፋሎይዲን አቅልማችሁ ወደ እምቡጡ ማመልከታቸውን እዩ። በገመዶቹ ላይ የግንባታ ዕቃ የጫኑ ከረጢቶች ይጓዛሉ። ከረጢቶቹ ላይ ያለው ጂቲፒኤዝ ሴክ-4 ነው። እሱም አስረካቢ አለው፦ ዋይፒቲ-31 እና ዋይፒቲ-32 የሚባሉ ጂቲፒኤዞች ሲበሩ የሴክ-4ን አብሪ፣ ሴክ-2ን፣ ወደ ከረጢቱ ይጠራሉ። አንዱ የሚቀጥለውን አብሪ ይጠራል። አርኤስአር-1 በሲዲሲ-24 ያደረገውን አስታወሳችሁ? ያው ዘዴ ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ።

ግድግዳውን የሚያስሠራው ሮ-1 የሚባለው ጂቲፒኤዝ ነው። ኤፍኬኤስ-1 የሚባለውን የግሉካን አምራች ያንቀሳቅሳል፣ ፒኬሲ-1ንም ያስነሳል። ሮ-1 ሲደክም ግድግዳው ይሳሳና ሴሏ ትፈነዳለች። ይህን ከአቅጣጫ ጉድለት ለመለየት አንድ ሞላር ሶርቢቶል ያለበት ሳህን ተጠቀሙ። ሶርቢቶል ከውጭ ያለውን ፈሳሽ ያከብደዋል፤ ደካማ ግድግዳ ያላት ሴል አትፈነዳም። ሴሎቻችሁ በሶርቢቶል ከዳኑ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ካልዳኑ ወደ አቅጣጫው ተመለሱ።

ውጤቱ ካልገጠመ

ጂኑን ስታጠፉ ጠባሳው ይዘበራረቃል፣ ዶቃው ላይ ግን ምንም አይያያዝም እንበል። መጀመሪያ ማግኒዚየሙን መርምሩ። ቀጥሎ በጭማቂው ውስጥ የምትፈልጉት ፕሮቲን ሳይበላሽ መኖሩን እዩ።

ዶቃው ላይ ይያያዛል፣ ሴሏ ላይ ምንም ለውጥ የለም ከሆነ ደግሞ ዶቃው ላይ ያለው የፕሮቲን መጠን በሴሏ ውስጥ ካለው እጅግ በልጦ ሊሆን ይችላል። የሚያያዙበትን አሚኖ አሲድ ለይታችሁ ቀይሩትና መያያዙ ሲቋረጥ ጠባሳው አብሮ መዘበራረቁን ተመልከቱ።

በ37 ዲግሪ መሞት የነበረባት ሚውታንት በድንገት መኖር ከጀመረች አትደሰቱ። በሙቀት የሚሰናከሉ ዝርያዎች ሳህን ላይ ለሳምንታት ሲቆዩ ጉድለቱን የሚሸፍን ሌላ ሚውቴሽን ያነሳሉ። ስለዚህ ዝርያውን በተቀበላችሁ ቀን ግሊሰሮል ጨምራችሁ በብዙ ቱቦ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፣ ሳህኑን በየጊዜው ከዚያ አድሱ። እያንዳንዱን ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጠብታ በ37፣ አንድ ጠብታ በ25 ዲግሪ አድርጋችሁ ሴሏ አሁንም ያቺው ሴል መሆኗን አረጋግጡ።